እማዬ፣ ይህችን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢያት

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

በጌታችን ስም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ልጆቼና አባታቸው ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ስናወራ ጋሼ ወይ ታናሼ ከጎንሽ አይጠፉም፤ ስልኩን የሚይዙልሽም እነሱ ናቸው። ይሄን ግን ለአንቺ ብቻ ልነግርሽ ስለፈለግኩ፣ ለእንቁጣጣሽ ወደ አዳማ ለምትመጣ እህት «ከእሷ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ» ብዬ በአደራ ሰጥቻታለሁ። አብሮ መነጽር አለ። ባለፈው በቪዲዮ ሳይሽ የአሮጌው መነጽርሽ እጀታ በክር ታስሮ አይቼ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ፊደሉን ገዘፍ ያደረግኩት ዓይንሽ እንዳይደክም ነው። ከደከመሽ የቀረውን ነገ ጨርሺው፤ ለሰው ግን አታስነብቢ።

እስቲ አስቀድሜ የልጆቹን ወሬ ላውራሽ። ትልቋ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በሚመጣው ዓመት ኮሌጅ ትገባለች፤ ነርስ መሆን ነው የምፈልገው ብላለች። ቁመቷ ከእኔ አልፏል፤ አባዬን ነው የወጣችው። ስትቆጣ ደግሞ አንቺን ናት፤ ዝም ብላ ዕቃ ታጥባለች። ማሙሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል እየተማረ ነው። ለእማማ ልጻፍላት ብሎ የጻፈልሽን ወረቀት ከዚህ ጋር አጥፌ ከትቼዋለሁ። ከጽሑፉ በታች የሳላት አህያሽን ነው፤ በስልክ ካሳየሽው ጀምሮ ስሟን እየጠራ ይጠይቃል። እዚህ አሜሪካ፣ ላንካስተር፣ በቆሎው አድጎ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ጋርዶታል። አሚሾቹ፣ እነዚያ በድሮው ሥርዓት የሚኖሩት ክርስቲያኖች፣ በፈረስ ጋሪያቸው ሲያልፉ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ማሙሽ ወደ መስኮት ይሮጣል። እማማም በናዝሬት ጋሪ ተሳፍራ ነበር ሥራ የምትሄደው ብዬ ነግሬዋለሁ። መኪና አልነበረም እንዴ ይለኛል።

ስለ ልጆቹ ብዙ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ነገር ግን እነሱን እያወራሁ ወደመጣሁበት ሳልገባ ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ።

በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት እናት ነበሩ። ሜኖናይት ናቸው፤ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ወገን የሆኑ ፕሮቴስታንት። የተወለዱት የወተት ላሞች በሚረቡበት እርሻ ላይ ነው፤ ያገቡትም ገበሬ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከባላቸው ጋር ላሞቹን አልበው፣ ልጆቻቸውን አብልተው፣ ከዚያ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብተው ለተማሪዎቹ ምሳ ሲያበስሉ ኖሩ። ማታ ተመልሰው ደግሞ ያው ላም አለ። ከዘጠና ዓመታቸው በኋላ እንኳን ጠዋት ጠዋት ጸጉራቸውን ጠቅልዬ ያቺን ስስ ነጭ ቆብ ካላደረግኩላቸው ከክፍላቸው አይወጡም። የድሮ ናዝሬት ሆስፒታል ሲስተሮች ያደርጓት የነበረችውን ማለቴ ነው፤ አንቺ ያሳየሽን ፎቶ ላይ ያለችዋን።

እናቴም የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች ብዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ልጅ ነበር የምታበላው?» ብለው ነው። ቀጥለው ደግሞ በምን ምድጃ እንደሆነ ጠየቁኝ። በማገዶ አልኳቸው። ለአዳሪ ተማሪዎቹ የምትጋግሪበትን የምጣዱን ስፋት በእጄ አሳየኋቸው። ወጡን እንዴት እንደምትቀምሺው፣ ከጭልፋው መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ፣ ጨው ያንሰዋል አያንሰውም ስትዪ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደነበር ነገርኳቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩኝ። እኔም እንደዚሁ ነበር አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ መጠየቅ አላቆሙም። ሚንጃር መወለድሽን፣ እግርሽ ቆስሎ አልድን ብሎ በቃሬዛ ተሸክመው ናዝሬት እንዳወረዱሽ፣ ድሮ የጥጥ መዳመጫ በነበረው ግቢ ውስጥ፣ በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ተኝተሽ ቁስሉም ሳይደርቅ ፊደል እንደቆጠርሽ ሁሉ ነገርኳቸው። ሆስፒታሉን ከአሜሪካ የመጡት ሜኖናይቶች እንዳቋቋሙት ያውቃሉ፤ የሄዱትንም አንዳንዶቹን ያውቋቸው ነበር። «ልጆች ሆነን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ተሰብስበው ፋሻ ሲጠቀልሉ እኛም እንጠቀልል ነበር። ወዴት እንደሚሄድ ግን ልብ አላልነውም» አሉኝ። አንቺ እግር ላይ የታሰረው የእሳቸው ፋሻ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ያን ቀን ግን እግራቸውን ሳጥብላቸው እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እኔ የእሳቸውን እግር ሳጥብ የአንቺን እግር ማን እያጠበልሽ እንደሆነ አሰብኩ።

ባለፈው ክረምት፣ የእናንተ ጥር ማለት ነው፣ ሐኪማቸው መጣና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ መጋረጃውን ልዘጋ ስል «አንቺም ቁሚ» አሉኝ። ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ነገራቸው። ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ አናድነውም፣ ሕመሙን ግን እናስታግሳለን አላቸው። ለመትከያ ጊዜ እደርሳለሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ቃል ልገባልዎ አልችልም አለ። አመሰግናለሁ ብለው እጁን ጨበጡት።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በፊት ለፊት ይነገራል? እሳቸው ግን በማግስቱ ወረቀትና መርፌ ቁልፍ አምጪልኝ አሉኝ። በሕይወት ዘመናቸው በእጃቸው የሰፏቸውን ብርድ ልብሶች ከሳጥን አስወጥተው በእያንዳንዱ ላይ የልጅና የልጅ ልጅ ስም አስጻፉኝ። ለቀብራቸው የሚዘመረውን መዝሙር መረጡ። በመሬት ተቀያይመው ዘመን ሙሉ ወዳላናገሯት እህታቸው ደወሉ። መትከያው ሲደርስ ልጃቸው የቲማቲም ችግኝ በቆርቆሮ ይዞላቸው መጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠላቸው። በዚያው ሳምንት አረፉ።

እማዬ፣ ስለ እሳቸው ይሄን ሁሉ የጻፍኩልሽ በከንቱ አይደለም። ጥቂት ታገሺኝ። በመጀመሪያ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር ልንገርሽ፤ ያንን ካልነገርኩሽ ሌላውን መናገር አልችልም።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለ አገር ቤቷ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ስለ መሠረተ ክርስቶስ፣ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር የሚነገር ቁጥር አለ። በ1974 ደርግ ሲዘጋት የአባሎቿ ብዛት 5,000 ገደማ ነበር፤ ከስደት ዘመን በኋላ በ1983 ስትወጣ 34,000 ያህል ሆና ተገኘች ይባላል። ዛሬ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአባል ብዛት ትልቋ እሷ ናት። ይሄ ሲነገር ሰው ሁሉ ያመሰግናል፤ የሚያለቅሱም አሉ። እኔም አመሰግናለሁ። በዚያው ቅጽበት ግን የሚታየኝ የናዝሬት ባቡር ጣቢያና ሊቶሪናው ነው።

ጥር ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ መሪዎቹ ሲታሰሩ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምታበስዪበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አካዳሚው፣ ሲወረስ ጭልፋና ማንኪያ ሳይቀር አስቆጥረሽ ቁልፍ አስረክበሽ ስትመጪ አስታውሳለሁ። ሌላ ትምህርት ቤት በጽዳት መድበውሽ፣ የሐዲድ ቁራጩን በብረት እየመታሽ የምትደውዪው አንቺ ሆንሽ። ከዚያም ማታ ማታ ሰዎች ወደ ቤታችን አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ ከሰባት አይበልጡም ነበር። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነበር የሚደበቀው። እኔ ደጅ ከፍየሎቹ ጋር እንድቀመጥ፣ ሰው ሲመጣ እንድዘፍን ነግረሽኛል። እንዳልሽኝም አደርግ ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ለማንም ተናግሬም አላውቅም። ለጓደኞቼ እንኳን አልተናገርኩም። ይሄን አምነሽኝ ታውቂያለሽ?

በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ቀሚስ ገዝተሽ አለበስሽኝ። ድሬዳዋ አክስትሽ ጋ ለፋሲካ ትሄጃለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ አልሽኝ። ዳቦ በፎጣ ቋጠርሽልኝ። ሊቶሪናው ሲነሳ እጅሽን እያውለበለብሽ ነበር፤ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ይዘሽው ነበር። ፋሲካው አለፈ። ትምህርት ተዘጋ፣ ተከፈተ። ሌላ ፋሲካ መጣ። በር ላይ ተቀምጬ የባቡሩን ድምፅ ስሰማ እንደምጠብቅሽ አክስቴ አልነገረችሽም? ስመለስ የወተት ጥርሴ በሙሉ ተነቅሎ አልቆ ነበር። ታናሼ ረስታኝ ከበር መለሰችኝ።

የሄድኩበትን ምክንያት ያወቅኩት ከአክስቴ ፍራሽ ሥር ካገኘሁት ደብዳቤሽ ነው። ያንን ክብ ክብ ጽሕፈትሽን በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር ያነበብኩት። «ልጅቷ አፏ አያርፍም፤ ነገሩ እስኪበርድ አንቺ ጋ ትቆይልኝ» ይላል። ጋሼን ቤት አስቀረሽው፤ እሱ ትልቅ ነው፣ ዝምተኛ ነው። ታናሼን አስቀረሻት፤ ሕፃን ናት። ያልታመንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እናት ከሆንኩ በኋላ ፍርሃትሽ ገብቶኛል። አንድ ልጅ ሳታውቅ አንድ ቃል ብታወጣ አባዬ ይታሰር ነበር፤ ቡና የሚጠጡት ሁሉ ይታሰሩ ነበር። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ልጄን ላርቃት እችል ይሆናል። የሚያመኝ መላክሽ አይደለም። ለፋሲካ ብቻ ነው ያልሽኝ ነው የሚያመኝ። መሐላ ቤታችን ውስጥ ክልክል ነበር። «በእግዜር» ስንል እንኳን ትቆጪን ነበር። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን ገና ጥቅሱን ሳናውቀው በአንቺ አፍ ነው የያዝነው። አባዬ የከብት ዋጋ ሲነጋገር እንኳን ከጠራው አይጨምርም አይቀንስም ነበር። እና ለእኔ ለምን? ብዙ ጊዜ ነው የምትቀሪው፣ የማይቀር ነገር ሆኖብኝ ነው ብትዪኝ አለቅስ ነበር እንጂ እሞት ነበር? ቢያንስ በር ላይ ተቀምጬ አልጠብቅሽም ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ለሠርጌ ዝግጅት ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ጠየቅኩሽ። «እግዚአብሔር ጠብቆሻል» ብለሽ ወደ ምድጃው ዞርሽ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁትም። ላሳዝንሽ ብዬም አይደለም አሁን ያነሳሁት። እግርሽ ሳይጠና ፊደል ቆጥረሽ፣ ዘመድ በሃይማኖትሽ ሲለይሽ ችለሽ፣ ቀን የሰው ልጅ ስታበይ ውለሽ ማታ የራስሽን ማሳ ስታርሚ አድረሽ፣ ሦስታችንን ለወግ ለማዕረግ አበቃሽን። እኔ ዛሬ የሰው እናት የማገላብጥበት እጅ ከአንቺ የተማርኩት ነው። ይሄን ውለታ የምከፍልበት አቅም የለኝም። ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አላጠፋልኝም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ወስደውሽ በአፍሽ ካሜራ ሲያስገቡ ጨጓራ ነው ተባልሽ። ጋሼ በዚያው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አለቀሰ። ጋሼ ሲያለቅስ የሰማሁት በአባዬ ቀብርና በዚያ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም» አለኝ። ያንን ቃል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ምናልባት ያኔ ቤት ሲባል ሰምቶት ይሆናል። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ጨጓራዬ እኮ ነው፣ ይሄ መድኃኒት አልሠራልኝም፣ ቃሪያው ነው መሰለኝ» ስትዪኝ «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» እያልኩሽ ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ አለቅሳለሁ።

እማዬ፣ ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው። ምግብ ከጉሮሮ ወደ ሆድ የሚወርድበት ቧንቧ ላይ ነው ያለው። እንጀራው እንቢ ብሎሽ ወደ ገንፎ፣ ገንፎው እንቢ ብሎሽ ወደ አጥሚት የወረድሽው ለዚህ ነው። ከውስጥ ቆርጠው የወሰዱት ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ የመጣው ይሄ ነው።

ሐኪሞቹ ያሉትን እንዳለ ልንገርሽ። በዕድሜሽና በአቅምሽ ቀዶ ሕክምናውን አልመከሩም። ጨረር አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ እየተመላለስሽ መታከምም ይጠይቃል፤ እብጠቱን ሊያሳንሰው ይችላል። ሌላው፣ የጠበበውን ቦታ የሚከፍት እንደ ወንፊት ሽቦ የተሠራ አጭር ቱቦ በካሜራው በኩል ማስገባት ነው። እሱ በሽታውን አያድነውም፤ ግን መዋጥ ያስችልሻል። ጋሼ «ጨጓራሽን ሊያጥቡልሽ ነው» ብሎ ለመስከረም ቀጠሮ ያስያዘልሽ ለዚህ ነው። በሬውን የሸጠውም ለዚሁ ነው፤ አርጅቶ አይደለም።

ጋሼን እንዳትቆጪው። ታናሼንም እንዳትቆጪያት። ብትሰማ ተስፋ ትቆርጣለች፣ ምግቡንም ጭራሽ ትተወዋለች ብለው ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መርዶ በሌሊት፣ በሽታ በሽፍን። ፍቅራቸው ነው። እኔ ግን በአንቺ ገላ ውስጥ ሊገባ ስላለ ነገር አንቺ ሳታውቂ እሺ እንድትዪ መደረግሽን ማለፍ አልቻልኩም። ቱቦው ይግባ አይግባ፣ ጨረሩን ልጀምር ወይስ ልተወው፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ማሳው ለማን እንደሚሆን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ሚንጃር ያለውን ወንድምሽን ላስጠራው ካልሽም፣ ይቅር ካልሽም፣ የአንቺ ጉዳይ ነው። ጨጓራ ነው ብለሽ እያሰብሽ ግን ይሄን ሁሉ ለጥቅምት፣ ለኅዳር እያልሽ ታሳድሪዋለሽ።

አውቀሽውም ይሆናል። ከድምፅሽ ላይ አንዳንዴ ያወቅሽ ይመስለኛል። ባለፈው «ዘንድሮ ጤፉን በመስመር አልዘራሁም፤ ለማን ብዬ» ስትዪኝ ዝም አልኩ። አንቺም ዝም አልሽ። እነሱን ላለማስጨነቅ ብለሽ አንቺም እየደበቅሻቸው ከሆነ፣ ቢያንስ ለእኔ አትደብቂኝ።

ስለ ምግቡ፦ አጥሚቱ ቀጠን ይበል። በአንዴ ብዙ ከመጠጣት ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ ውሰጂ። እንቁላልና ወተት ይግባበት፤ ማሩን ጨምሪበት። ቀና ብለሽ ተቀምጠሽ ጠጪ፤ ከጠጣሽ በኋላ ወዲያው አትተኚ። ስትተኚ ትራሱን ከፍ አድርጊ። ክኒን አልወርድ ካለሽ ራስሽ እንዳትፈጪው፤ አንዳንዱ ሲፈጭ ይጎዳል፣ ፋርማሲው ይጠየቅ። ውኃ እንኳን አልወርድ ያለሽ ቀን ወይም ደም ያየሽ ቀን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ፤ ይነጋል አትበዪ። ሕመም ከተሰማሽ ደግሞ ተናገሪ። ቻይነትሽን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ላይ ቻይነት አይጠቅምሽም። ማስታገሻ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ እንዲያዝልሽ ጠይቂ።

አረሙን ሰው ቀጥረሽ አሠሪው። ለእሱ የሚሆን ገንዘብ በታናሼ በኩል ልኬያለሁ፤ ለሽሮ ዱቄት ነው፣ ለምኑ ነው እያልሽ ለሌላ እንዳታውዪው። ማሳው ዳር ድረስ ልየው ብለሽም በጭቃው አትውጪ፤ ያ እግርሽ ከወደቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ማታ ብቻሽን አትደሪ። የታናሼ ልጅ ትምህርት እስኪጀመር አንቺ ጋ ይደር፤ ጠይቄው እሺ ብሏል፤ ራሱ ነው የፈለገው እንዲመስል አድርጎ ይመጣል ብዬ ነበር፣ ግን ይሄንንም አልደብቅሽም፤ እኔ ነኝ የጠየቅኩት።

እኔ ጥቅምት ውስጥ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ፈቃዴንም ወስጃለሁ። እመጣለሁ ስልሽ እመጣለሁ ማለቴ ነው። ትልቋም አብራኝ ልትመጣ ትፈልጋለች፤ ከትምህርቷ ጋር ከተስማማ እሷንም ይዣት እመጣለሁ። ስመጣ ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ስለ ሊቶሪናው ቀን ንገሪኝ። ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አይደለም። ባቡሩ ከሄደ በኋላ ወዴት ሄድሽ? ወደ ሥራ ተመለስሽ? ከፋሲካ በኋላ እንደማትመጪ ያን ጊዜ ታውቂ ነበር ወይስ የምትመጪ መስሎሽ ነበር? ምንም ይሁን ምን የሆነውን ንገሪኝ። ያኔ ያልነገርሽኝ አባዬን ለመጠበቅ ከሆነ፣ አሁን የሚጠበቅ ሰው የለም።

የሐኪሙ ውጤት ጋሼ ቤት፣ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ቢጫ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ አማርኛ መልሼ ከዚህ ደብዳቤ ኋላ ባለው ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ፤ የቀነስኩትም የጨመርኩትም ቃል የለም። ለሐኪሙ የምትጠይቂያቸውን ጥያቄዎችም ከሥሩ አስፍሬያለሁ። አዳማ ስትሄጂ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂና ራስሽ ጠይቂው። ራሷ ትጠይቅ ብላለች ልጄ በዪ።

ጋሼ መንገሬን ሲያውቅ መቆጣቱ አይቀርም። ይቆጣኝ። እኔ እነግረዋለሁ፤ አንቺ እንዳትጨነቂ። ብቻ እሱ ሲመጣ ስለ በሬው አመስግኚው። በልቡ ተጎድቷል።

ይህቺ እህት ቅዳሜ ነው የምትደርሰው። በማግስቱ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ በእናንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ታናሼ ታንሳልሽና «ከልጄ ጋር ብቻዬን ላውራ» ብለሽ አስወጪያቸው። ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ፤ መቆጣት ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ዝም ማለት ከፈለግሽም ስልኩን አልዘጋም፣ አብሬሽ ዝም እላለሁ። የምትጠይቂኝን ሁሉ እመልስልሻለሁ፤ የማላውቀው ከሆነም አላውቀውም እልሻለሁ።

ጌታ ይጠብቅሽ፣ እማዬ። ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ
ላንካስተር፣ ነሐሴ